ሳይካፈሉ የቀሩት ቁጥሮች

ጉበት ጊዜ ይሰጣል። ጠባሳው ከጀመረበት ቀን ሆድ ውኃ እስከሚቋጥርበት ቀን ድረስ ብዙ ዓመት ዝም ብሎ ይሠራል። ያንን ሁሉ ዓመት እጃችን ላይ አሳልፈን መጨረሳችን ነው ዛሬም የሚያንገበግበኝ።

ጎረቤታችን ሐረር፣ መኪና ግርግር ላይ ልብስ ሰፊ ነበር። ደም ሊለግስ ሄዶ ሄፓታይተስ ቢ ተገኘበት። «ተሸካሚ ነህ፤ ምንም አይልህም» አሉት። ቆይቶ ጎኑን ሲከብደው አልትራሳውንድ ታየና «ጉበት ደህና ነው» የሚል ወረቀት ይዞ ተመለሰ። ቤተሰቡም እኛም አልሐምዱሊላህ ብለን ተቀመጥን።

የተለመደው አልትራሳውንድ የሚያየው ቅርጽ ነው። ጉበት ከተኮማተረ፣ ገጹ ከጎረበጠ በኋላ ይናገራል። ጠባሳ ሲጀምር ግን ቀድሞ የሚለወጠው ጥንካሬው ነው። ሥጋ ቤት ጉበት ሲቆረጥ ያየ ይረዳኛል፤ ጤነኛው ለቢላዋ ይታዘዛል፣ የጠነከረው ይታገላል። ፋይብሮስካን የተባለው መሣሪያ ይህንኑ ያለ ቢላዋ ይለካል። በጎድን አጥንቶች መካከል ቆዳውን ቀስ አድርጎ ይመታል፤ ንዝረቱ በጉበት ውስጥ ሲሄድ አልትራሳውንዱ ፍጥነቱን ይከተላል። ጉበቱ በደረቀ ቁጥር ንዝረቱ ይፈጥናል። 10 ጊዜ ይለካና መሐለኛውን በኪሎፓስካል ይሰጣል። ጤነኛ ጉበት 5 አካባቢ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ከ7 ያለፈ የሄፓታይተስ ቢ ሕመምተኛ ይታከም ይላል፤ ከ12.5 በላይ ሲሮሲስ፣ ማለትም የጠባሳው የመጨረሻ ደረጃ ነው። መርፌ የለው፣ ሕመም የለው፣ የደቂቃዎች ሥራ!

ይህ የባሕር ማዶ ወሬ አልነበረም። በ2007 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በዚሁ መሣሪያ እየለካ ሄፓታይተስ ቢን ማከም ጀመረ፤ 1,303 ሰዎች ተመዘገቡ። ሞት የበረታው ጉበታቸው ከተሸነፈ በኋላ በመጡት ላይ ነበር። በዚያው ዓመት ሐረር ላይ፣ በሕይወት ፋናና በጁገል ሆስፒታሎች፣ ተመራማሪዎች 150 የጉበት ሕመምተኞችን ከ300 ሌሎች ሰዎች ጋር ማነጻጸር ጀመሩ። ከሕመምተኞቹ ከግማሽ ለሚበልጡት የታወቀ መንስኤ አልተገኘም፤ ጫት መቃም ግን ከሕመሙ ጋር ተያይዞ ታየ። እኛም ጫቱን ይዘን ተከራከርን። በርጫ ላይ ተቀምጠን «አባቶቻችን ቅመው ምን ሆኑ?» ተባባልን። ጉበታችን ይለካ ያለ አልነበረም።

አዲስ አበባ ከ500 ኪሎሜትር በላይ ናት፣ የልብስ ሰፊ አቅም አይደርስም እንበል። ከጎረቤታችን ቀብር በኋላ ባለቤቱ ወረቀቶቹን በፌስታል አምጥታ «ወንድሜ፣ እስቲ እየው፤ ምን ይላል?» ስትለኝ ግን ያ ሰበብም ከእጄ ወደቀ። በ2008 ዓ.ም. የተሠራ የደም ምርመራ ነው። ኤኤስቲ የተባለው የጉበት ኢንዛይም 108፤ የላብራቶሪው ጣሪያ 40። ፕላትሌት 110 ሺህ። 108ን ለ40 አካፍሉ፣ የወጣውን ለ110 አካፍሉ፣ በ100 አባዙ፤ 2.5 ገደማ ይመጣል። ስሌቱ ኤፕሪ ይባላል። ዛሬ ከ0.5 ያለፈ ይታከም ይባላል፤ ያኔ በነበረው ጠበቅ ያለ መስፈርት እንኳ ከ2 በላይ ሲሮሲስ ነበር። መሣሪያ አያስፈልገው፣ መንገድ አያስፈልገው፣ ተጨማሪ ብር አያስፈልገው። እርሳስ የያዘ አንድ ሰው ይበቃው ነበር። ለባለቤቱ ምን ብዬ ላንብብላት?

ቴኖፎቪር የተባለው ክኒን ቫይረሱን ይገታል፤ ለዓመታት ሲወሰድ በብዙዎች ላይ ጠባሳው ራሱ ሲሳሳ ታይቷል። ያ ክኒን ደግሞ በአገሪቱ ለኤችአይቪ ሕክምና በነጻ ይታደል ነበር። እሱ «ደህና ነው» የሚለውን ወረቀት አጥፎ በወጣበት በር፣ በዚያው ሰሞን፣ ሌሎች ያንኑ ክኒን ይዘው ይወጡ ነበር።