የእኅቴ ልጅ ደብተር

በየቤታችን የእንግዳ መቀበያ ክፍልና ጓዳ አለ። እንግዳ በመጣ ጊዜ ያማረው ዕቃ ወደ ፊት ይወጣል፤ ያሳፍራል የተባለው ወደ ጓዳ ይገባል። ዕቃ ሲሆን ነውር የለበትም። ወደ ጓዳ የሚገባው ልጅ የሆነ እንደ ሆነ ግን ጉዳቱ እጅግ ብዙ ነው። የተከበራችሁ አንባቢዎች ሆይ፤ ይህን የምጽፈው ሌላውን ሰው ለመውቀስ አይደለም፤ በደሉን ራሴ ስለ ሠራሁት ነው።

ታላቅ እኅቴ በጅማ ዞን በሊሙ ኮሳ ወረዳ ቡና እያለማች የምትኖር ናት፤ እኔም በዚያው ወረዳ በሊሙ ገነት ከተማ በመንግሥት ሥራ ላይ ነበርሁ። በ1999 ዓ.ም. ወንድ ልጅ ወለደች። ሕፃኑ መልኩ ያማረ ነበር፤ ዳሩ ግን አራት ዓመት ሊሆነው ሲል ገና አፉን አልፈታም፤ በስሙ ሲጠሩትም ዞሮ አያይም። ከዚህም በላይ የሚጥል በሽታ አልፎ አልፎ ይነሣበት ነበር። ከጎረቤት ግማሹ ቡዳ ነው አለ፤ ግማሹ ዛር ነው አለ። የተማርሁ ነኝ የምል እኔ ግን ከሁሉም የባሰ አደረግሁ። የመሥሪያ ቤቴ አለቆች በእኅቴ ቤት ቡና ሊጠጡ በመጡ ቀን፥ «እትዬ፥ እባክሽ ልጁን ወደ ጓዳ አግቢው» አልኋት። እርሷም አንዳች ቃል ሳትመልስልኝ ልጁን አቅፋ ገባች። በዚያች ሰዓት ያየችኝን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

በ2003 ዓ.ም. መንግሥት የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የሚባለውን ሥራ በአማራ፥ በኦሮሚያ፥ በትግራይና በዚያን ጊዜ በነበረው የደቡብ ክልል በ13 ወረዳዎች መሞከር በጀመረ ጊዜ፥ ሊሙ ኮሳ ከእነዚሁ አንዱ ሆኖ ተመረጠ። የሥራው ሐሳብ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። እያንዳንዱ ቤተ ሰብ በየዓመቱ ጥቂት መዋጮ ይከፍላል፤ ከተሰበሰበው ገንዘብ የታመመው ሰው ይታከምበታል፤ መክፈል ለማይችለው ድኻ ደግሞ መንግሥት ይከፍልለታል። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ይህንኑ ነው። እኅቴ የቡናዋን ዋጋ እንደ ተቀበለች መዋጮዋን ከፍላ የመድን መታወቂያ አወጣች። ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ ብታደርሰው ለሚጥለው በሽታ ፌኖባርቢታል የሚባል ኪኒን ታዘዘለት፤ በጥቂት ወራት ውስጥም ውድቀቱ እየቀነሰ ሄደ። እኔ የልጁ ነገር በዚህ ያለቀ መሰለኝ።

ነገሩ ግን አላለቀም። አእምሮው በዕድሜው ልክ ያላደገለት ልጅ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ አይደለም። ለሚጥለው በሽታ መድኃኒት፥ ለጆሮውና ለአንደበቱ መርማሪ፥ ለትምህርቱ አስተማሪ፥ ለእናቱም መካሪ ያስፈልጋል። ለእያንዳንዱ ነገር አንድ በር አለ፤ በሮቹ ግን እርስ በርሳቸው አይተዋወቁም። እኅቴ ልጁን ይዛ ወደ አንድ ሐኪም ቤት በአውቶቡስ ሄደች፤ የሪፈር ወረቀቱ ማኅተም የለውም ተብላ ተመለሰች። ሁለተኛም ሄደች፤ ይህ የእኛ ክፍል አይደለም ተባለች። በሦስተኛው ሐኪሙ አየላት፤ መድኃኒቱ ግን ከግምጃ ቤቱ ስላልተገኘ ከውጭ በገንዘቧ ገዛች። በየሄደችበት ካርድ ክፍል አዲስ ካርድ ይወጣል፤ እርሷም የልጁን ታሪክ ከተወለደበት ቀን ጀምራ እንደ ገና ታወራለች። በዚህ ሁኔታ ስድስት ዓመት አለፈ።

የጅማ ዩኒቨርሲቲ ልዩ ልዩ የጤና ሙያ የሚማሩትን ተማሪዎች በአንድነት አሰባስቦ በከተማው ዙሪያ ወዳሉት ጤና ጣቢያዎች የመላክ የቆየ ልማድ አለው። ሐኪም የሚሆነው፥ ነርስ የምትሆነው፥ መድኃኒት ቀማሚውና የላቦራቶሪው ሠራተኛ በአንድ ቤት ሆነው አንዱን በሽተኛ ሁሉም ያዩታል። በ2009 ዓ.ም. ከእነዚሁ ተማሪዎች አንዲቱ የእኅቴን ታሪክ እስከ መጨረሻው ካዳመጠች በኋላ ወደ እኔ ዘወር ብላ፥ «ጋሼ፥ እርስዎ መጻፍ ያውቁ የለም? ለዚህ ልጅ አንድ ደብተር ይግዙለት» አለችኝ። አፈርሁ። ያን ሁሉ ዓመት የመሥሪያ ቤቱን መዝገብ ስጽፍ ስኖር፥ ስለ እኅቴ ልጅ አንድ መስመር አልጻፍሁም ነበር።

ደብተሩን ገዛሁ። በሽታው የጣለበትን ቀን፥ የሚወስደውን መድኃኒት መጠን፥ ያየውን ሐኪምና የተነገረንን ቃል ሁሉ ጻፍሁበት። በሚከተለው ጉዞአችን ሐኪሙ ደብተሩን ዝም ብሎ አገላብጦ ካነበበ በኋላ፥ «የጆሮው መስማት የተመረመረው የት ነው?» ሲል ጠየቀን። የትም አልተመረመረም ነበር። ጤና ጣቢያው ሐኪም ቤቱ መርምሮታል ብሎ ያስባል፤ ሐኪም ቤቱም ጤና ጣቢያው መርምሮታል ብሎ ያስባል። ቢመረመር በጆሮው ውስጥ የቆየ ቁስል ተገኘ፤ መስማቱንም ቀንሶት ነበር። ታክሞ ቁስሉ ዳነ። አንባቢን ለማታለል አልፈልግም፤ ልጁ እንደ እኩዮቹ አልተናገረም፤ ዛሬም የሚያውቃቸው ቃላት ጥቂቶች ናቸው። ነገር ግን ከፍ አድርገው ሲጠሩት ይዞራል። በለቀማ ጊዜም ከእናቱ ጋራ ቡና ይለቅማል፤ ቀዩን እንጂ አረንጓዴውን ከቶ አይነካም።

እንደዚህ ያሉትን ልጆች ከጓዳ በማውጣት ረገድ በአገራችን የደከሙ ሰዎች አሉ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ያለበትን የገዛ ልጃቸውን ሳይደብቁ፥ በ1994 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ጆይ የሚባለውን የኦቲዝም ማዕከል አቁመው፥ በ2013 ዓ.ም. እስከ ዐረፉ ድረስ ስለ እነዚህ ልጆች በአደባባይ ተናግረዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለወላጆች ያዘጋጀው የአስተዳደግ ትምህርትም በአገራችን ተሞክሯል። ሕጉም ቢሆን ዝም አላለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 አካላቸውና አእምሮአቸው የተጎዳውን ሰዎች መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን እንዲረዳ ያዝዛል፤ ኢትዮጵያም የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚጠብቀውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. ተቀብላለች። እንግዲህ ሕጉም መድኑም ሐኪሙም አሉ። የጎደለው እነዚህን ሁሉ በአንድ ልጅ ላይ የሚያገናኝ ሰው ነው።

ይህን ይበልጥ የተረዳሁት በ2017 ዓ.ም. ነው። እኅቴ መታወቂያዋን ስታሳድስ የልጁ ስም ከዝርዝሩ ወጥቶ ተገኘ። ጸሓፊውን ብጠይቀው በትሕትና አስረዳኝ፤ ልጅ 18 ዓመት ከሞላው በቤተ ሰቡ ዋና መዋጮ ውስጥ አይቈጠርም፤ ተጨማሪ መዋጮ ይከፈልለታል። እንደ ደንቡ ጸሓፊው አልተሳሳተም። ነገር ግን ይህ ጎልማሳ ከእናቱ ቤት ወጥቶ የራሱን ትዳር የሚያቆም አይደለም። ተጨማሪውን ከፈልን፤ ስሙም ተመለሰ። ሆኖም ማንበብ የሚችል ወንድም የሌላት እናት ብትሆን ኖሮ፥ ስሙ መውጣቱን የምትሰማው ልጁ በታመመ ቀን በሐኪም ቤት በር ላይ ነበር።

ስለዚህ ሥልጣን ያላችሁ አንባቢዎች እንድታስቡበት የምለምነው ብዙ አይደለም። ለእንደዚህ ያለ ልጅ ሁሉ አንድ ደብተር ይኑረው፤ ደብተሩንም ለቤቱ ቅርብ የሆነችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ትከታተለው። ወደ ትልቁ ሐኪም ቤት የተላከው ልጅ ሲመለስ፥ የተደረገለት ነገር ለላከው ጤና ጣቢያ ተጽፎ ይድረሰው። ዕድሜው 18 በሞላ ጊዜም ስሙ ከመውጣቱ አስቀድሞ ለእናቱ ይነገራት።

የዚህ ዓመት ቡና ከተለቀመ በኋላ እንግዶች ወደ እኅቴ ቤት መጥተው ነበር። ልጁ በረከቦቱ አጠገብ ተቀምጦ ስኒውን እየተቀበለ ለእንግዶቹ ያደርስ ነበር። አንዱ እንግዳ ማን እንደ ሆነ ቢጠይቀኝ፥ «የእኅቴ ልጅ ነው» ብዬ ስሙን ነገርሁት። እኅቴ ቀና ብላ አየችኝና የሚቀጥለውን ስኒ ቀዳች።