ሣሩ ከድርቁ ይቀድማል

ነገሌ ቦረና በአገሪቱ ታሪክ ስሟ የሚነሣው በውሃ ነው። ጥር 1966 ዓ.ም. እዚያ የሰፈረው የአራተኛ ብርጌድ ወታደር የውሃ ፓምፑ ተበላሸበት፤ ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንዳይቀዳም ተከለከለ። ምግቡም የሚቀመስ አልነበረም። ጉዳዩን እንዲያዩ የተላኩትን ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ወታደሮቹ ይዘው ከዚያው ምግብ አቀመሷቸው። በስምንተኛው ወር ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ።

ያ ፓምፕ በአንድ ቀን አልተበላሸም፤ ምሬቱም በአንድ ቀን አልተጠራቀመም። ምልክቱ ነበር፤ ያየው ግን አልነበረም።

ከከተማዋ ወጣ ብሎ በሊበን ሜዳ የሚበቅለው ሣር ይህን ስሕተት አይሠራም። ምልክቱን ገና ከጅምሩ ያያል። እንዴት ለሚል፣ መልሱ ያለው ስብ ውስጥ ነው።

እያንዳንዱ ሕዋስ በስስ የስብ ሽፋን የተከበበ ነው። ውፍረቱ አንድ ሚሊ ሜትር ለሚሊዮን ቢከፈል አምስቱን እጅ ያህል ብቻ ነው። የሚገባውንና የሚወጣውን የሚለየው እሱ ነው፤ እሱ ከተቀደደ ሕዋሱ አለቀ ማለት ነው። በድርቅ የሚሞት ተክል ውሃ አጥቶ ብቻ አይሞትም፤ ብዙ ጊዜ የሚሞተው ይህ ሽፋን ስለፈረሰበት ነው።

የስብን ጠባይ ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ ጓዳ ይበቃል። ደጋ ላይ የረጋ ቅቤ ዶሎ ኦዶ ሲደርስ ይቀልጣል። የኑግ ዘይት ግን ደጋም ላይ አይረጋም። ልዩነቱ የስቡ ጭራ ነው፤ የቅቤው በአብዛኛው ቀጥ ያለ ስለሆነ ተጠጋግቶ ይቀመጣል፣ የዘይቱ የታጠፈ ስለሆነ አይጠጋጋም። ተክል ከቦታው ተነሥቶ ጥላ ፍለጋ አይሄድም። ስለዚህ ስቡን ይለውጣል፦ ሲበርደው የታጠፈውን ያበዛል፣ ሲሞቀው ይቀንሳል።

ድርቅ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ሥራ አለ። በሕዋሱ ውስጥ ሽፋንን ከሽፋን የሚያራርቀው ውሃ ነው። ውሃው ሲሄድ ሽፋኖቹ ይጠጋጋሉ፣ ይጣበቃሉ፣ መጨረሻ ላይ አንዱ ካንዱ ተዋህዶ ይፈርሳል። በቅጠሉ አረንጓዴ ክፍል የሚበዛው ስብ ራሱ ላይ አንድ የስኳር ቅንጣት የተሸከመ ነው፤ ቅርጹ ወደ አንድ ወገን የሾጠጠ ስለሆነ በድርቅ ጊዜ ለመፍረስ ይመቻል። ድርቅ የሚችሉ ብዙ ተክሎች በዚያ ስብ ላይ ሁለተኛ ስኳር ይጨምሩበታል። ያን ጊዜ ቅርጹ ይስተካከላል፤ ሽፋኑም ይጸናል።

ይህ ብልሃት ትናንት የመጣ አይደለም። ተክሎች ከውሃ ወደ የብስ የወጡት ከ470 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ነው፤ እነዚህ ስኳር የተሸከሙ ስቦች ግን ከዚያ በጣም ቀድመው በውሃ ውስጥ በሚኖሩ ጥቃቅን ሕያዋን ዘንድ ነበሩ። የብስ ላይ የወጣው ተክል የያዘውን ስንቅ ለአዲስ መከራ አዋለው።

ጥጉን ላሳይ የሚል ተክልም አለ። ክራተሮስቲግማ የሚባለው ኢትዮጵያን ጨምሮ በአፍሪካ ዐለታማ ቦታዎች የሚበቅል ትንሽ ተክል ከ95 በመቶ በላይ ውሃውን አጥቶ ይጨማደዳል፤ ዝናብ ሲያገኝ በአንድ ቀን ገደማ ይለመልማል። የጤፍ ዘመድ የሆነ በደቡባዊ አፍሪካ የሚበቅል ሣርም እንዲሁ ያደርጋል። በኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ ጂል ፋራንትና ባልደረቦቿ ሁለቱን ሲያስተያዩ ኖረዋል። የጤፍ ዘር እኮ ደርቆ ተቀምጦ ይነሣል፤ ቅጠሉ ግን አይችልም። ዘመዱ የዘሩን ዕውቀት ለቅጠሉም አካፍሎታል።

ዋናው ነገር ግን ጊዜው ነው። እነዚህ ተክሎች ቀስ ብለው ሲደርቁ ይድናሉ፤ በድንገት ቢደርቁ ብዙዎቹ አይተርፉም። ለመዘጋጀት ጊዜ ይፈልጋሉ፤ የሚዘጋጁትም ውሃ ገና ሳለ ነው።

አሁን ወደ ሰው ይመለሷል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቦረናና በአካባቢው ቆላ አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች ከሸፉ። ዜናው በአዲስ አበባ ጎልቶ የተሰማው የከብት ሬሳ በመንገድ ዳር ከተደረደረ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ወቅት ሲከሽፍ ከብቱ ገና ሥጋ ነበረው፤ ገበያም ነበረ፤ ድርቆሽ ለማከማቸትም ጊዜ ነበረ። አምስተኛው ሲከሽፍ የቀረው ለቅሶና የእርዳታ ሰልፍ ነው።

ዝግጅት የሚባለውን ቦረናዎች አያጡትም። ለጥጃና ለደካማ ከብት ሣር ከልለው የሚያቆዩበት ካሎ አላቸው። በካሎ ውስጥ ሥሩ ያልተነካ ሣር ላዩ ቢደርቅም እምብርቱ በሕይወት ይቆያል፤ ዝናብ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያቆጠቁጠው እሱ ነው። በየጊዜው እስከ መሬት የተጋጠ ሣር ግን ለመዘጋጀት የሚበቃ ስንቅ የለውም።

የሊበን ሜዳም እየጠበበ ነው። ከፊሉ ታርሷል፣ ከፊሉን ቁጥቋጦ ወርሶታል። በዓለም ላይ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡ ወፎች አንዷ የሊበን ላርክ የምትኖረው በዚያ ሣር ውስጥ ነው። ስለ ወፏ የሚጨነቁ አሉ፤ መልካም ነው። ሣሩ ራሱ ግን ስንት ድርቅ ያለፈ ዘር እንደሆነ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የታረሰ ሜዳ ነገ ስንዴ ሊሰጥ ይችላል፤ ዝናብ በከሸፈበት ዓመት ግን ስንዴውም ሣሩም አይኖርም።

«ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ» ይባላል። ድርቅም እንዲሁ ነው፤ የመጀመሪያው ወቅት ሲከሽፍ ማንም አይደነግጥም። በሊበን ሜዳ ላይ ያለው ሣር ግን በዚያው ሳምንት ሥራውን ጀምሯል።