የአባባ ምንሽር፣ የእኔ ሌንስ

እሑድ፣ ኅዳር 4 ቀን 2015

የነቢያት ጾም ሳይገባ ከቤታችን ማዶ ያለው ሥጋ ቤት ፊት ለፊት መለማመዴን ቀጥያለሁ። በባሕር ዳር ዓባይ ማዶ ሰፈር በራሪ ወፍ ለማንሳት ከዚህ የተሻለ መለማመጃ የለም። ባለቤቱ ቅንጥብጣቢ ሲወረውር ጭላቶቹ ከመብራት ምሰሶው ላይ ይወርዳሉ፣ በእግራቸው ይቀልቡና እየበረሩ ይበላሉ። ጭላት የሚታጠፈው በጅራቱ ነው። ጅራቱ ወደ አንድ ጎን ሲጣመም ያየ ሰው ወፉ ወዴት እንደሚሄድ ቀድሞ ያውቃል፣ ሌንሱንም ቀድሞ ያዞራል።

ሌንሴ ከ150 እስከ 600 ሚሊሜትር ይሄዳል፤ ከካሜራው ጋር ሦስት ኪሎ ይጠጋል። በ600 ላይ የሚታየው የሰማይ ስፋት አራት ዲግሪ ያህል ብቻ ስለሆነ ወፉን በዚያ ፈልጎ ማግኘት ጭንቅ ነው። አሁን መጀመሪያ በ300 አገኘውና ፎከስ ከያዘ በኋላ ወደ 600 እገፋለሁ። ፎከሱንም ከማንሻው ቁልፍ አላቅቄ ከኋላ በኩል ለአውራ ጣት በምትመቸው ቁልፍ ላይ አድርጌዋለሁ። አውራ ጣት ወፉን ይዞ ይከተላል፤ ጠቋሚ ጣት ሰዓቱ ሲደርስ ብቻ ያነሳል። ሥራውን ለሁለት ጣት ማከፋፈሉ መጀመሪያ ላይ ያደናግራል፤ ሰሞኑን ግን እጄ ለምዶታል።

የቀረው ክንዴ ነው። ካሜራውን ዓይኔ ላይ ይዤ ጥቂት ከቆየሁ ግራ ክንዴ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። በዚህ ርዝመት ደግሞ ትንሿ የእጅ ንቅናቄ ምስሉ ላይ ጎልታ ትወጣለች።

አባባ ደጃፍ ካለው ወንበራቸው ላይ ሆነው ሲያዩኝ ቆይተው ኖሯል። ስገባ፣ "ልጄ፣ እንደ ሕፃን አቅፈሽው እኮ ነው የምትቆሚው" አሉኝ። "ክርንሽ አየር ላይ ምን ይሠራል? ከጎንሽ አስጠጊው።"

አባባ ያደጉት አዴት ነው፤ በወጣትነታቸው ምንሽር ነበራቸው። ጠመንጃው ከቤታችን ከወጣ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ አያያዙ ግን ከትከሻቸው አልወጣም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 17

ጾሙ ገባ፣ ሥጋ ቤቱ ተዘጋ። በጾም ወራት ባሕር ዳር ላይ የሚደራው ዓሣ ነው፤ እኔም ጭላቶቹን ትቼ ወደ ሐይቁ ዳር ወረድኩ። ዓሣ አጥማጆቹ ቆሮሶና አምባዛ ሲያርዱ ፔሊካኖቹ አንጀቱን ጠብቀው ከአጠገባቸው ይቆማሉ፤ ሰው አይፈሩም። ከጭላት በኋላ ፔሊካን ዕረፍት ነው፤ ትልቅና ዘገምተኛ ስለሆነ በሰከንድ 1/1000 ይበቃዋል። አስቸጋሪው ነጭነቱ ነው። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ፀሐዩ ቶሎ ይበረታል፤ ብርሃኑ ካልተቀነሰለት የወፉ ላባ ጭራሽ አይለይም።

ትራይፖዴን ጭቃው ውስጥ ተከልኩት። አንዱ እግር ሲሰምጥ ሌላውን ሳስተካክል ወፉ ሄዷል። በጀልባማ የባሰ ነው፤ የሞተሩ ንዝረት በብረቱ እግር በኩል ቀጥታ ወደ ሌንሱ ይወጣል፣ የሰው ሰውነት ግን ንዝረቱን ያበርደዋል። ትራይፖዱ ከዛሬ ጀምሮ ቤት ይቀራል። ለቆመ ነገር፣ ለማለዳ መልክዓ ምድር ጥሩ ዕቃ ነው፤ ለእኔ ሥራ ግን ሸክም ሆኖብኛል።

ከሦስት ሰዓት በኋላ ያነሳኋቸውን ኮምፒውተር ላይ አየኋቸው። ከሩቅ የተነሱት ሁሉ ጠርዛቸው ይርገበገባል። ውኃው ላይ ያለው አየር ሲሞቅ የሚመጣ ነገር ነው፤ የሌንስ ውድነት አያድነውም። መድኃኒቱ ማልዶ መውጣትና መቅረብ ብቻ ነው።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 2

ዛሬ ያዘዝኩት የካሜራ ማንገቻ ተሠርቶ አለቀ። ከካሜራው ጋር የመጣው ማንገቻ አንገት ይቆርጣል፤ ከመሸከም በቀር ሌላ ጥቅምም የለውም። አባባ ሰሞኑን ደጋግመው የሚሉኝ ይህንኑ ነበር፦ "የጠመንጃ ማንገቻ መሸከሚያ ብቻ መሰለሽ? ማንገቻ ሦስተኛ እጅ ነው።"

ከዓባይ ድልድይ ወዲህ ያለው ጫማ ሰፊ ሁለት ጣት የሚሰፋ የበሬ ቆዳ ቆርጦ፣ አንዱን ጫፍ ከሌንሱ እግር ፊት፣ ሌላውን ከካሜራው ጎን እንዲያያዝ አድርጎ ሰፋልኝ። መሐሉ ላይ እንደ ቀበቶ ዘለበት አለው፤ ሲፈለግ ይጠብቃል፣ ሲፈለግ ይላላል። ጫፎቹን በድርብ ክር ሰፍቶ ስፌቱ ላይ ሰም አሸበት። ሐይቅ ዳር የሚውል ዕቃ እርጥበት እንደሚበላው ሳልነግረው ያውቃል።

አባባ አያያዙን ግቢ ውስጥ አሳዩኝ። ግራ ክንድ ቀለበቱ ውስጥ ይገባል። ቆዳው ከክርን በላይ፣ ክንዱ ወፍራም የሆነበት ቦታ ላይ ያርፋል። ከዚያ እጅ ከውጭ ወደ ውስጥ ዞሮ ሌንሱን ከሥር ይቀበላል። ማንገቻው ሲወጠር ክብደቱ ከጡንቻ ላይ ወርዶ ቆዳው ላይ ያርፋል፤ ጣቶቼን ብከፍታቸው እንኳ ሌንሱ አይወርድም። ቀጥለው አንበረከኩኝ። ክርኔን ጉልበቴ ላይ ሳሳርፍ በከዘራቸው መታ አደረጉልኝ፦ "አጥንት በአጥንት ላይ ይንሸራተታል። አሳልፊው።" ከክርን ከፍ ያለውን ሥጋማውን የክንድ ክፍል ጉልበቱ ላይ ሳስተኛው በእርግጥም መንሸራተቱ ቆመ።

ትንፋሹንም አስተማሩኝ። አፍኖ መያዝ አይደለም፤ አፍኖ የያዘ ሰው የልቡ ምት እጁ ላይ ይወጣል ይላሉ። ሰው ተንፍሶ ሲጨርስ፣ የሚቀጥለው ትንፋሽ ከመግባቱ በፊት ሰውነቱ ራሱ የሚያርፍባት አጭር ጊዜ አለች። ጣት ሥራዋን የምትሠራው በዚያች ጊዜ ነው፤ እሷም ቀስ ብላ ትጫናለች እንጂ አትመታም።

የግድግዳ የቀን መቁጠሪያ ከግቢው ዳር ሰቅዬ በሰከንድ 1/125 ሞከርኩ። ያለ ማንገቻው ቁጥሮቹ ሁለት ሁለት ሆነው ይታያሉ። ተንበርክኬ በማንገቻው ሳነሳ የወሩ ስም ሥር ያሉት ደቃቅ ፊደላት ሳይቀሩ ይነበባሉ። ከገዛኋቸው ዕቃዎች አንዱም የዚህን ቆዳ ያህል ሥራዬን አልለወጠውም፤ ይህን ስጽፍ ማጋነን አይደለም።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 20

ሌንሱን በጥቁር ጨርቅ ጠቅልዬ በትከሻዬ አንግቼ በባጃጅ ስሄድ መንገድ ላይ ፈታሾች አስቆሙኝ። "ምንድን ነው የተሸከምሽው?" ፈትቼ አሳየሁ፣ ወፎቹንም በስክሪኑ አሳየሁ፣ አለፍኩ። አስቆሚዎቹ ልክ ናቸው፤ የሰሜኑ ጦርነት ገና ከቆመ ሁለት ወር ባልሞላበት አገር ረጅም ጥቁር ነገር ያነገተ ሰው ይጠየቃል። ከእንግዲህ ሌንሱ ከካሜራው ተፈትቶ አፏ ሰፊ በሆነች ቢጫ ቦርሳ ይሄዳል። ሐይቁ ዳር ስደርስ መግጠሙ ጊዜ አይፈጅም። እግረ መንገዴን ባትሪ የሚጨምረውን ግሪፕም ፈታሁት። ክብደቱን እንጂ ጥቅሙን አላየሁም፤ አንድ ትርፍ ባትሪ ኪስ ውስጥ ይበቃል።

ዓርብ፣ ጥር 12

ቃና ዘገሊላ። ትናንትና ዛሬ ረጅሙን ሌንስ አልነካሁትም። ታቦታቱ ከጥምቀተ ባሕሩ ሲመለሱ ሕዝቡ መሐል የምትገባው ትንሿ 35 ሚሊሜትር ናት፤ ፊት ለፊት ቆሞ፣ ሰላም ብሎ፣ በቅርብ የሚነሳ ፎቶ ነው የሚያምረው።

እሑድ፣ ጥር 28

ዓባይ ከጣና የሚወጣበት ቦታ፣ ከጭራ ጭራ ግድብ በላይ። የውኃ መቆጣጠሪያው በሮች በ1988 ሥራ ከጀመሩ ወዲህ የሐይቁ ከፍታ እንደ ድሮው በዝናቡ ብቻ የሚታዘዝ አይደለም፤ የደንገሉ ዳርቻም አብሮ ይሸሻል፣ ይመለሳል። የጀልባው ልጅ ከጉማሬዎቹ ራቅ ብሎ ደንገሉን ተጠግቶ ሞተሩን አጠፋልኝ።

የምፈልጋት ነጭና ጥቁሯን ዓሣ አጥማጅ ወፍ ነበር። ውኃው ላይ አንድ ቦታ ቆማ ክንፏን ታርገበግባለች። ምንቃሯ ቁልቁል፣ ጭንቅላቷ ግን ከቦታው ንቅንቅ አይልም፤ ክንፍና ጅራት ሲሯሯጡ ዓይኗ አንድ ነጥብ ላይ ተተክሏል። ከዚያ ድንገት ክንፏን ሰብስባ ትወረወራለች። ወንዱ ደረቱ ላይ ሁለት ጥቁር መቀነት አለው። የሴቷ አንድ ነው፣ እሱም መሐሉ ላይ የተቆረጠ። ዛሬ ያገኘኋት ሴት ናት።

ለዚህች ወፍ 1/3200 ያስፈልጋል። ለጀልባው ከአሮጌ ጂንስ የሰፋሁትን ከረጢት በሽንብራ ሞልቼ ጠርዙ ላይ አስቀመጥኩት፣ ሌንሱን በላዩ ላይ። በጤፍ ሞክሬው ነበር፤ ጤፍ በስፌቱ ይፈሳል፣ ሲጫኑት ደግሞ ድንጋይ ይሆናል። ሽንብራ ግን እየተንሸራሸረ ለሌንሱ ቅርጽ ይታዘዛል። ፎከሱ ከአሥር ሜትር ወዲህ እንዳይፈልግ በሌንሱ ማብሪያ ገድቤዋለሁ፤ ሳልገድበው ፊት ለፊት ያለውን ደንገል እየያዘ ወፏን ይተዋታል። ማብሪያዎቹም ቦርሳው ውስጥ በራሳቸው እንዳይነቃነቁ በጥቁር ፕላስተር ለጥፌያቸዋለሁ።

የወጣው ምስል፦ ወፏ ቁልቁል፣ ምንቃሯ ውኃውን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው፣ ዓይኗ ጥርት ብሎ። ላባዋን አንድ በአንድ መቁጠር ይቻላል። ከደስታዬ ብዛት ጮኼ ልጁን አስደነገጥኩት።

ቀድሞ የዚህን አገር ወፍ ማወቅ የፈለገ በጠመንጃ ነበር የሚያውቀው። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፐል እ.ኤ.አ. በ1832 ጎንደር ገብቶ የሰበሰባቸው ወፎች ፍራንክፈርት ሄደው ሙዚየም ገቡ። እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ ዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማንም የጣናን ዳርቻ ዞሮ ካርታውን ሲሠራ ወፎቹንም ይሰበስብ ነበር። በዘመኑ ሌላ መንገድ አልነበረም፤ ዕውቀቱም ከዚያ የመጣ ነው፣ አልነቅፋቸውም። ግን ጣና ከ2007 ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ክልል ነው። በአገራችን ከሚቆጠሩት ከ850 በላይ የወፍ ዓይነቶች ጥቂት የማይባሉት እዚህ ይገኛሉ። አባባ ለምንሽር የተማሩትን ትንፋሽና ክርን ወፏን ሳልነካት መጠቀሜ እጅግ ደስ ይለኛል።

ማታ ፎቶውን ሳሳያቸው መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩት። "ርቀቱ ምን ያህል ነበር?" አሉ። ሃያ ሜትር ገደማ አልኳቸው። "ጥሩ ነው። በነፋሻ ቀን ግን?" ነፋስ ሲነሳ ጀልባው እንደሚወዛወዝ ነገርኳቸው። "እንግዲያው እሱን ተለማመጂ።"

እሑድ፣ የካቲት 12

ዛሬ ቅበላ ነው፤ ሥጋ ቤቱ በሰው ተጨናንቋል፣ ጭላቶቹም ምሰሶውን ሞልተውታል። ነገ ዐቢይ ጾም ይገባል፤ ከአንድ ወር ከመንፈቅ በላይ እነሱን ማግኘት ስለማይቻል ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ቆሜ አነሳሁ። ተንበርክኬ ሳይሆን ቆሜ፣ በአንድ እግር ድንጋይ ላይ ወጥቼ፣ ወገቤን እያወዛወዝኩ። አባባ ያሉኝ የጀልባ ልምምድ ይህ ነው። ክብደቱን ክንዴ ላይ ሳይሆን ወገቤ ላይ ሳዞረው ወፉ ከመሐል አይወጣም።

ቦርሳው ውስጥ የቀረው ካሜራው፣ ረጅሙ ሌንስ፣ ማንገቻው፣ የሽንብራ ከረጢቱ፣ ትርፍ ባትሪና ካርድ፣ መጥረጊያ ጨርቅ ነው። ትራይፖዱንና ግሪፑን ለሚፈልግ ልሸጥ ነው። በገንዘቡ ሌላ ሌንስ አልገዛም፤ ለጀልባ ኪራይ ይሁን። ማለዳ ሐይቁ ላይ የሚውል ሰዓት ነው የሚጎድለኝ።

አንዲት ጓደኛዬ ማንገቻዬን ሞክራ የራሷን አዝዛለች። ጫማ ሰፊው በእኔ ልክ ሊቆርጥላት ሲል አስቆምኩት፤ ክንዷ ከእኔ ይረዝማል፣ ዘለበቱም ወደ ታች መውረድ አለበት። ማክሰኞ ካሜራዋን ይዛ ስትመጣ ራሷ ላይ ይለካላታል።