ኮሮናና ፒኞን

ፒካፕ ወይም የጭነት መኪና ያላችሁ ወላጆች፣ የኋላው አክስል ማልቀስ ሲጀምር «ዘይት ጨምርበትና ንዳው» የሚላችሁን አትስሙ። በመንገድ ቁጥር 2 ላይ እየበረራችሁ ዲፈረንሻሉ ቢነክስ የኋላ ጎማዎች ይቆለፋሉ።

እኔ ሙያውን የለመድኩት ጎንደር ነው፤ ልጄ ደግሞ እዚህ ነታንያ ሙሳኽ ውስጥ ይሠራል። እሱ ዕቃውን በዕብራይስጥ ይጠራል፤ እኔ ጣልያን ትቶልን በሄደው ስም ኮሮና፣ ፒኞን፣ ኩሽኔታ እላለሁ። ዲፈረንሻል ሲፈታ ግን እንግባባለን።

ኮሮናና ፒኞን ተፋጭተው የተዋደዱ ጥንዶች ናቸው። አንዱ ከተበላ ሁለቱም ይቀየራሉ፤ «ፒኞኑን ብቻ» የሚል ደንበኛ ሲመጣ ልጄ አይሠራለትም። ደግ አደረገ!

ከባዱ ልኩ ነው። በጥርሶቹ መካከል የሚተወው ክፍተት በብዙ መኪኖች ከ0.15 እስከ 0.20 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ሁለት ሦስት የራስ ፀጉር በሉት። ከጠበበ ይግላል፣ ከሰፋ ነዳጅ ስትሰጡና ስትለቁ ይመታል። ጥርሱ ቀለም ተቀብቶ በእጅ ይዞራል፤ አሻራው መሃል ካላረፈ ከፒኞኑ ሥር ያለው ስስ ቀለበት ተቀይሮ እንደገና ይገጠማል። አንዳንዴ አራት አምስት ጊዜ። አለቃው ሰዓቱን ያያል፣ ልጄ አሻራውን።

መኪናችሁን ስትረከቡ «ክፍተቱ ስንት ሆነ?» በሉ። ቁጥር ካልነገሯችሁ ምናልባት አልለኩትም።