ዘመድ ጥየቃ

ዘመድ ጥየቃ ሁለት ጥቅም አለው፤ አንደኛው አገርን ማየት፣ ሁለተኛው ጠባይን መማር ነው።

በ2007 ዓ.ም. ለጥምቀት በዓል ከአባቴና ከእናቴ ጋራ ወደ ጎንደር ሄደን ከአክስቴ ቤት ዐረፍን። ዐፄ ፋሲል ያሠሩትን ግንብ አየን፤ ከቀሃ ወንዝ ውሃ በሚሞላው ጥምቀተ ባሕር ዳር ከሕዝቡ ጋራ አደርን። በደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ የተሣሉትን የመላእክት ፊቶችም አንጋጠን ተመለከትን። ይህ ቤተ ክርስቲያን በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ከተማይቱን ሲያቃጥሉ የተረፈ ነው።

ከዚያም 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን በደባርቅ አጠገብ ከሚኖሩት አጎቴ ዘንድ ደረስን። በማግሥቱ በ1962 ዓ.ም. በተቋቋመው በስሜን ብሔራዊ ፓርክ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሣር ሲነጩ አየን።

ስንመለስ አጎቴ ያለቻቸውን አንዲት በግ ሊያርዱልን ቢላዋ ሲስሉ አገኘናቸው። አባቴ እጃቸውን ይዞ፣ «ጋሼ፣ እኛ ነገ እንሄዳለን፤ እርስዎ ግን ክረምቱን ይወጡባታል» አላቸው። አጎቴ ቅር አላቸው፤ እንግዳን በሽሮ መሸኘት በአገራቸው ነውር ነውና። አባቴም ነገሩን ተረድቶ፣ «እንግዲያስ ስትወልድ ግልገሏን ለከርሞ ያቆዩልን» ቢላቸው ሳቁና ቢላዋውን ወደ አፎቱ መለሱ። እናቴም ከጎንደር ገበያ የሸመተችውን ቡናና ስኳር አቀረበች።

ወጣቶች ሆይ! እንግዳን መቀበል የባለቤቱ ክብር ነው፤ የባለቤቱን ጓዳ ማወቅ ደግሞ የእንግዳው ክብር ነው። ግንቡ ለመንገደኛ ሁሉ ይታያል፤ የዘመድ ጓዳ ግን ለሚያስብ ሰው ብቻ ይታያል።