ይወድቃል ብላ

ነገሩን ያመጣው አንድ ወረቀት ነው። አምቦ ከአንድ መሥሪያ ቤት ይወጣልኛል የተባለ ወረቀት ነበረኝ፤ «ማክሰኞ ና» ሲሉኝ ማክሰኞ፣ «ሐሙስ ና» ሲሉኝ ሐሙስ ስመላለስ ሦስተኛ ሳምንቴን ይዤ ነበር። ያን ቀን ጠዋት መናኸሪያው አጠገብ ካለ ቁርስ ቤት ከልጅነት ጓደኛዬ ጋር ተቀምጠን «ዛሬስ ሳትወጣ አትቀርም» አልሁት። እሱ ጨጨብሳውን ማንኪያ ላይ እየቆለለ፣ ቀና እንኳ ሳይል፣ «ቀበሮም የበሬ ቆለጥ ይወድቃል ብላ ስትከተል ዋለች» አለኝ።

ሳቅን። አጠገባችን የተቀመጡት ባለ ጋቢ አዛውንት ግን አልሳቁም። ከጄልዱ ድንች ጭነው የወረዱ ናቸው። የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው፣ የተሳሳተ ሒሳብ እንደሚያርም ሰው፣ «በሬ አይደለም ልጄ» አሉኝ። «ጄዳላ በሬ ተከትላ ምን ልታገኝ? የምትከተለው ልትወልድ የደረሰች ላም ነው። የእንግዴ ልጁን ደግሞ በልታ ነው የምትመለሰው።» ይህን ብለው ወደ ሻያቸው ተመለሱ፤ ጄዳላ በኦሮምኛ ቀበሮ ናት።

ወረቀቷ ያን ቀንም አልወጣች። እኔ ግን ሐሳቤ ሌላ ቦታ ሄዷል። ያን ተረት ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፣ ስንት ሰው ላይ ወርውሬዋለሁ! አንድም ቀን ግን «መጀመሪያ የተናገረው ሰው ምን አይቶ ነው?» ብዬ አላውቅም። ቀበሮዋ ጅል ናት፣ ተፈርዶባታል፣ መዝገቡ ተዘግቷል። አዛውንቱ በአንድ ብርጭቆ ሻይ ይግባኝ አሉላት። ለእኔም አንድ ስም ትዝ አለኝ፤ ባሌ ውስጥ ቀበሮን ከፈረስ ጋር አያይዞ የሚጠራ ስም። ቤት ገብቼ አጣራሁ።

አዛውንቱ ልክ ናቸው። የባሌ ኦሮሞዎች ቀይ ቀበሮን «ጄዳላ ፈርዳ» ይሏታል፤ የፈረስ ቀበሮ ማለት ነው። ምክንያቱ ደግሞ መውለጃዋ የደረሰ ባዝራ ወይም ላም ተከትላ የእንግዴ ልጁን ስለምትበላ ነው። ይህ ብቻ አይደለም። የከብት መንጋ መሐል ገብታ አብራ ትሄዳለች፤ ከብቱ ይጋርዳታል፣ አይጧ ቀበሮ መምጣቷን ሳታይ ትያዛለች። መንዝ ጓሳ ላይ ደግሞ ከጭላዳ ጋር ትውላለች። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት እንደቆጠረው፣ ቀይ ቀበሮ ብቻዋን አይጥ ስታድን ከአራት ሙከራ አንዱ ሲሳካላት፣ ጭላዳ መሐል ሆና ግን ከሦስት ሁለቱ ይሳካላታል። ጭላዳዎቹም አይሸሿትም፤ ግልገላቸውን አትነካማ። እንግዲህ «ስትከተል ዋለች» ብለን የምንስቅባት እንስሳ፣ መከተልን ሙያ ያደረገች እንስሳ ናት። ጅሉ ማን እንደሆነ እንጃ።

እዚህ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። ግን ሁለት እንቅፋት አለ።

አንደኛው፣ ምዕራብ ሸዋ ቀይ ቀበሮ የላትም። ዛሬ በዓለም ላይ ያሉት ሁሉ ኢትዮጵያ ውስጥ ናቸው፤ ተደምረው 500 አይሞሉም ይባላል፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ፣ የቀሩት አርሲ፣ ሰሜን ተራሮች፣ ወሎና መንዝ ናቸው። የጎጃሙ ጮቄ ነበረው፣ አጣ። የጄልዱ አዛውንት ያወሩልኝ እንግዲህ ስለ ሌላይቱ ቀበሮ ነው፤ ጊንጪም፣ ጉደርም፣ ዳንዲም ሌሊት የምትጮኸው፣ ገጠር ያደገ ሰው ሁሉ የሚያውቃት። እሷም ብትሆን ከላሟ ኋላ የማትጠፋ ከሆነ ተረቱ ከየትኛዋ እንደተነሣ ማን ይፈርዳል?

ሁለተኛው እንቅፋት የባሰ ነው፤ ከህንድ የመጣ ነው። ፓንቻታንትራ በሚባለው የህንዶች ጥንታዊ የተረት መጽሐፍ ውስጥ አንድ ቀበሮና ሚስቱ አሉ። ሚስት ወንዝ ዳር አንድ ትልቅ በሬ ታያለች፤ ያ የሚወዛወዘው ነገር ዛሬ ነገ መውደቁ አይቀርም ትላለች። ባልየው «ላይወድቅ ይችላል፣ እዚሁ ውኃ የሚጠጡትን አይጦች እየበላን ብንቀመጥ አይሻልም?» ቢላት ሰነፍ ብላ ሰደበችው። ተከተሉ። አሥራ አምስት ዓመት ተከተሉ! በመጨረሻ ባል «እንመለስ» አለ፤ ተመለሱ።

ይህን ሳነብ መጀመሪያ ተናደድሁ። የእኛ ናት ያልኋት ተረት ባለቤት መጣባት። ሁለት ቀን ሙሉ ማን ከማን ወሰደ እያልሁ ከራሴ ጋር ተሟገትሁ፤ ለሚስቴም ለማስረዳት ሞከርሁ፤ እሷ «የወረቀቱ ጉዳይ ምን ደረሰ?» አለችኝ። በኋላ የደረስሁበትን ልንገራችሁ፣ አስተያየት ነው፣ ማስረጃ አትጠይቁኝ። ተረቱ መሰደድ አላስፈለገውም። ቀበሮና ከብት ባለበት አገር ሁሉ አንድ እረኛ ከሩቅ አይቷል፤ ቀበሮዋ የምትከተለውን ከብት አየ እንጂ ላም ይሁን በሬ አልለየም። በሬ ሲያደርገው ጎረቤቱ ሳቀ። ላም ቢያደርገው ማን ይስቅ ነበር? እውነቱ ለተረት አይመችም፤ ቀበሮዋ በልታ ከተመለሰች ምኑን ተረት ሆነ? ልብ በሉ፣ የህንዱ ባል «አይጥ እንብላ» ያለው ትክክለኛ ምክር ነበር። የባሌ ቀይ ቀበሮ ከምትበላው ከመቶ ዘጠና በላዩ አይጥና የአይጥ ዘመድ ነው።

ስሙም ቢሆን አላረፈም። እኛ አገር «ቀበሮ» የሚባለው አንድ እንስሳ አይደለም፤ ጥቁር ጀርባዋም፣ ጎነ መሥመሯም፣ ወርቃማ መሳይዋም ቀበሮ ናቸው። ወርቃማ መሳይዋን ለብዙ ዘመን ሳይንቲስቶች ከእስያው ቀበሮ ጋር አንድ ናት ሲሉ ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ2011 የኦስሎ፣ የኦክስፎርድና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ የእኛው ፕሮፌሰር አፈወርቅ በቀለ ያሉበት ቡድን፣ ከኢትዮጵያ ደጋ የተሰበሰበ ናሙና መርምረው «ይቺ ዘሯ ወደ ተኩላ ነው» አሉ። በ2015 ሌላ ቡድን መላ ዘረመሏን አይቶ ራሷን የቻለች የአፍሪካ ተኩላ አደረጋት፤ ከእስያዋ ከተለየች ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው አለ። ቀይ ቀበሮም ብትሆን ዘመዷ ተኩላ እንጂ ቀበሮ እንዳልሆነ ከ1994 ጀምሮ ተጽፏል። ተኩላ የምንለው ደግሞ በዱር አራዊት መጻሕፍት ውስጥ ሌላ ነው፤ ያ ቡራቡሬ፣ ትልልቅ ጆሮ ያለው፣ በመንጋ የሚያድነው ነው። ስለዚህ ቀበሮአችን ተኩላ ናት፣ ተኩላችን ተኩላ አይደለም፣ ቀይ ቀበሮም ቀበሮ አይደለችም። የጄልዱው ሰው ይህን ቢሰሙ ድንቻቸውን ሸጠው በሰላም ወደ ቤታቸው መሄድ ይመርጣሉ።

ስም ግን ቀልድ አይደለም፤ ይህን የማውቀው በጀርባዬ ነው።

ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሆኖኝ ነበር። ከጊንጪ ወደ ጭልሞ ደን በሚወስደው በኩል አጎቴ ቤት ክረምቱን በግ እጠብቅ ነበር። መንጋው የእኛ ብቻ አልነበረም፤ የጎረቤትም በጎች ነበሩበት። አንድ ቀን በቀትር እንቅልፍ ይዞኝ ስነቃ አንዲት ግልገል የለችም። ብፈልጋት ከጥሻው ሥር አገኘኋት፤ ግማሽዋ ተበልቷል። የጎረቤት ነበረች። እየሮጥሁ ሄጄ «ቀበሮ በላብኝ!» አልሁ። ቀበሮ አላየሁም። ማንም ምን አየህ ብሎ አልጠየቀኝም። በመተኛቴ ልምጭ ቀመስሁ፤ ማግስቱን ደግሞ ወንዶቹ ተሰብስበው ከወንዙ በላይ ያለውን የቀበሮ ጉድጓድ በጭድ አጠኑት። ከውስጡ የወጣውን አልነግራችሁም። በእኔ ቃል ነው የሆነው። አዎ፣ ቀበሮ ግልገል ይወስዳል፣ ሐሰት አይደለም፤ ያን ዕለት ግን ወስዶ እንደሆነ ማንም አላጣራም።

ለዚህ ነው የአውስትራሊያው ዲንጎ ታሪክ ሁልጊዜ የሚከነክነኝ። ዲንጎ ከሦስት ሺህ ዓመት በፊት ከሰው ጋር ገብቶ ጫካ የቀረ ውሻ ነው፤ ወይም ውሻ አይደለም፣ ራሱን የቻለ አውሬ ነው፤ እዚያም ክርክሩ አላለቀም። በግ አርቢዎቹ እንዳይገባባቸው 5,600 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም አጥር አጥረውበታል። ከአዲስ አበባ አምቦ ሃምሳ ጊዜ ያህል ማለት ነው፤ ሽቦ ብቻ! እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1980 ኡሉሩ ከሚባለው ትልቅ አለት ሥር ድንኳን ተክለው ከሰፈሩ ቤተሰቦች የዘጠኝ ሳምንት ሕፃን ጠፋች። እናቲቱ ሊንዲ ቻምበርሌን «ዲንጎ ወሰደብኝ» አለች። አላመኗትም። በ1982 ገድላታለች ተብሎ ዕድሜ ልክ ተፈረደባት፤ የሕፃኗ ልብስ ከዲንጎ ዋሻ አጠገብ ሲገኝ በ1986 ተፈታች፤ «የወሰዳት ዲንጎ ነው» የሚል የመጨረሻ ቃል የተሰጠው በ2012 ነው። ሠላሳ ሁለት ዓመት! እሷ እውነት ተናግራ አልታመነችም፤ እኔ ያላየሁትን ተናግሬ ወዲያው ታመንሁ።

ገበሬዎቹም፣ ሕጉም ብዙ ቦታ ዲንጎን «የዱር ውሻ» ይሉታል። ዲንጎ ካሉት የአገር ቅርስ ነው፣ ሰው ይሟገትለታል፤ የዱር ውሻ ካሉት መርዝ መጣል ይቻላል። ሁሉም ከቤት ውሻ ተዳቅለዋል፣ ንጹሕ ዲንጎ የለም የሚለው ወሬም ለዚሁ ይመች ነበር፤ በ2023 የወጣ የዘረመል ጥናት ግን አብዛኞቹ ከቤት ውሻ ያልተቀላቀሉ ንጹሕ ዲንጎ መሆናቸውን አሳየ። መርዙ ለማን እንደተጣለ እንግዲህ ራሳቸው ያስሉት።

እኛ አገር ደግሞ የቤት ውሻው ራሱ ነው ጣጣው። ባሌ ላይ ቀይ ቀበሮን የሚጨርሳት የእረኛ ዱላ ሳይሆን የእረኛ ውሻ ነው። ከውሻው የእብድ ውሻ በሽታ ይጋባባታል፤ እ.ኤ.አ. በ1991 እና 92፣ በ2003 እና 4፣ በ2008 እና 9 በተነሡት ወረርሽኞች አንዳንዱ መንጋ ውስጥ ከአራት ቀበሮ ሦስቱ አለቁ። ከውሻ ጋር ተዳቅላ የወለደችባቸውም ቦታዎች አሉ። ለዓመታት ውሾቹን ሲከትቡ ከርመው፣ በ2018 ለቀበሮዎቹ ራሳቸው በሥጋ የተሸፈነ ክትባት መጣል ተጀመረ። የምትከተለው አንድ ነገር በመጨረሻ በእርግጥ ወደቀላት ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ከጻፍሁ በኋላ አጎቴ ዘንድ ደወልሁ። አርጅተዋል፤ ጆሯቸው ግን ደህና ነው። ሰላምታው ሲያልቅ ስለዚያች ግልገል ጠየቅኋቸው። እንደረሱት እርግጠኛ ነበርሁ።

«ቡቺ ነው እንጂ የበላት» አሉኝ፣ ወዲያው። ቡቺ ውሻችን ነበር። «አፉ ደም በደም ሆኖ እጓሮ ተኝቶ አገኘሁት። አጠብሁት።»

«ታዲያ ጉድጓዱን ለምን አጠናችሁት?»

ትንሽ ዝም አሉ። ከሥር ዶሮ ስትንጫጫ ይሰማኛል።

«አንተ ልጅ፣ ግልገሏ የጎረቤት ናት። ውሻችን በላት ብል ካሣው የእኔ ነበር። ቀበሮ በላት ሲባል ግን ማን ማንን ይጠይቃል? ቀበሮ ካሣ አትከፍል።»

«ልምጩስ?»

«እሱ ለእንቅልፍህ ነው» አሉና ስለ ወረቀቴ ጠየቁኝ። ማክሰኞ ና ተብያለሁ አልኋቸው።