መጀመሪያ ቀብዱ

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የጠየቃችሁኝ አንድ ነገር ነው። «ከአገር ቤት የእጅ ሥራ እያስመጡ መሸጥ ያዋጣል ወይ?» አብዛኞቻችሁ አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ የወሎ ልጆች ናችሁ። ለየብቻ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው። ትንሽ ይረዝማልና ታገሡኝ።

እኔ የመካነ ሰላም ልጅ ነኝ፤ የምኖረው ዋሽንግተን አካባቢ ነው። ከቦረና፣ ከለጋምቦና ከሳይንት ደጋ ባና፣ ዝተት፣ ሰፌድና ሙዳይ አስመጣለሁ። ሱቅ የለኝም፤ በስልክና በበዓል ባዛር ነው የምሸጠው።

ስለ ትርፍ ከማውራቴ በፊት ባና እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ፤ ብዙዎቻችን ለብሰነው አድገን አሠራሩን አናውቀውም። የበጉ ፀጉር ይሸለታል፣ ይታጠባል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ተነድፎ ይሳሳል። ከዚያ ሴቶች በእንዝርት ይፈትሉታል። ትልቁ ድካም እዚህ ላይ ነው፤ ለአንድ ባና የሚበቃ ክር መፍተል ከሽመናው እጅግ የበለጠ ጊዜ ይፈጃል። ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ መወርወሪያውን በእጁ ስለሚወረውር የጨርቁ ወርድ ክንዱ ከሚደርስበት አያልፍም። ስለዚህ ባናው በጠባብ በጠባብ ተሸምኖ ጎን ለጎን ይሰፋል። እኔ የማስመጣው ቀለም አልነካውም፤ ጥቁሩ ከጥቁር በግ፣ ነጩ ከነጭ በግ ነው። መጋጠሚያው ላይ ገልብጣችሁ ብታዩት የሁለት ሴቶችን እጅ ትለያላችሁ። የአንዷ ክር ጠበቅ ያለ ነው፣ የሌላዋ ላላ ብሎ ጸጉራም ነው። ደንበኛ አንዳንዴ ይህን ጉድለት ይለዋል። ለእኔ ግን ባናው በሰው እጅ የተሠራ ለመሆኑ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ሲሆን ለፀጉሩ ገንዘብ የሚያወጣው ማን ነው? ፈታዮቹስ እስከዚያ ምን ይበላሉ? የንግዱ ዋና ጥያቄ ይኸ ነው። «ሲደርስ እከፍላለሁ» ያለ ነጋዴ ዶላር እያገኘ በለጋምቦ ገበሬ ገንዘብ እየነገደ ነው። በልግ ሲጠፋ ገበሬው መጀመሪያ የሚሸጠው በጉን ነው፤ በጉ ሲሄድ ፀጉሩም አብሮ ይሄዳል። ቀብድ የተቀበለ ቤት ግን በጉን ሳይሸጥ ክረምቱን ለመሻገር ተስፋ አለው። አንድ አዛውንት ሸማኔ በስልክ «ልጄ፣ ቀብድ ከላክሽ ሥራው ያንቺ ነው፤ ካልላክሽ ግን ለቀደመ ገዢ ነው» ብለውኛል። እውነታቸውን ነው። እኔም ከዚያ ወዲህ የዋጋውን ግማሽ ሳልልክ ሥራ አላዝም።

ይህ የእኔ ደግነት አይደለም፤ የታወቀ ደንብ ነው። የዓለም ፍትሐዊ ንግድ ድርጅት ለእጅ ሥራ ገዢዎች ባወጣው መርህ አምራቹ ከጠየቀ የትዕዛዙ ግማሽ ያለ ወለድ በቅድሚያ ይከፈለዋል። የፍትሐዊ ንግድ ሐሳብ ራሱ ከአንዲት ሴት መኪና የተነሣ ነው ማለት ይቻላል። ኤድና ሩት ባይለር የምትባል የፔንሲልቫኒያ ሴት በ1946 እ.ኤ.አ. ፖርቶ ሪኮ ሄዳ የድሃ ሴቶችን ጥልፍ አየች፤ ገዝታ ወሰደችውና መኪናዋ ላይ ጭና ለጎረቤቶቿ መሸጥ ጀመረች። ዛሬ ቴን ታውዘንድ ቪሌጅስ የሚባለው ድርጅት ከዚያ የወጣ ነው። ከእኛም ወገን ሊያ ከበደ በ2007 እ.ኤ.አ. «ለምለም»ን አቋቁማ የኢትዮጵያን ሸማኔ ሥራ ለዓለም ገበያ አብቅታለች። እነዚህ የታወቁ ስሞች ናቸው። የደጋው ባና ግን እስካሁን እንዲህ ያለ ሰው አላገኘም።

ቀብዱ መቼ ይላክ? በጥር። እዚህ ባና የሚፈለገው በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ብርዱ ሲገባና ስጦታ ሲገዛ ነው። በነሐሴ ብታዙ ምን እንደሚሆን አስቡት። ገበሬው አረም ላይ ነው፣ የታጠበ ፀጉር በጉም ውስጥ አይደርቅም፣ መንገዱም ጭቃ ነው። በጥር ከታዘዘ ግን ፀጉሩ በበጋ ፀሐይ ይደርቃል፣ ሴቶቹ ሳይዋከቡ ይፈትላሉ፣ ዕቃውም ክረምት ሳይጠና ደሴ ይወርዳል።

ስለ ጭነት አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው የሚከስረው እዚህ ላይ ነውና። አየር ጭነት የሚያስከፍለው በሚዛን ብቻ አይደለም። የካርቶኑ ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በሳንቲ ሜትር ተባዝቶ ለ6,000 ይካፈላል፤ ከሚዛኑ ከበለጠ የሚከፈለው በዚያ ነው። 60 በ60 በ60 ካርቶን ውስጥ የገባ መሶብ ሦስት ኪሎ ባይሞላም የሚታሰበው 36 ኪሎ ነው። ሰፌድ ግን ይደራረባል። ባናም ተጨምቆ ይታጠፋል። መሶብ ከወደዳችሁ ገዢ ካገኛችሁ በኋላ አምጡ።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ ልምጣ። ባለፉት ዓመታት ይህን ንግድ ያናወጡት ነገሮች አንዳቸውም ከመካነ ሰላም አልመጡም። አጎዋ የተባለው የአሜሪካ ሕግ ከቀረጥ ነጻ ከሚያስገባቸው ዕቃዎች መካከል በእጅ የተሸመነና በእጅ የተሠራ ጨርቅ ይገኝበት ነበር፤ ኢትዮጵያ ግን ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከዕድሉ ወጣች። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ክልላችን አማራ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ፤ የሥራ ፎቶ መላላክ ቀረ። ከ800 ዶላር ያልበለጠ ጥቅል ያለ ቀረጥ የሚገባበት የአሜሪካ ደንብም ነሐሴ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ቆመ፤ በፖስታ አንድ አንድ እያስመጣን የምንሸጥ ትንንሾች በጣም ተጎዳን። አውሮፓ ያላችሁ ግን ዕድሉ አላችሁ፤ «ከጦር መሣሪያ በቀር ሁሉም» በሚባለው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ የኢትዮጵያ ዕቃ አሁንም ከቀረጥ ነጻ ይገባል።

በእነዚህ ሁሉ ላይ የጸና አቋም አለኝ። ጉዳቱን መሸከም ያለበት አስመጪው ነው። እኔ ዋጋ መጨመር፣ ሌላ ዕቃ መሸጥ፣ ሲብስም ሌላ ሥራ መሥራት እችላለሁ፤ ፀጉሩን ገዝታ ፈትላ የጨረሰች ሴት ግን ክሩን መልሳ በጉ ላይ ማድረግ አትችልም። የታዘዘ ሥራ ቀረጥ ስለጨመረ አይሰረዝም።

ድንገተኛ ትርፍ ሲመጣ ደግሞ ለሸማኔውም መድረስ አለበት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በብር የተዋዋለ አስመጪ አንድም ሥራ ሳይጨምር ወጪው በዶላር ሲታይ በግማሽ ገደማ ሊወርድለት ይችል ነበር። ያን ጊዜ ዝም ብሎ በድሮው ብር የከፈለ ሰው ካለ የወሰደው የሸማኔውን እንጀራ ነው። ዘይቱም፣ ጤፉም፣ ፀጉሩም በድሮው ዋጋ አልቆየምና።

ስለ ስምም ልናገር። የአሜሪካ የሱፍ ሕግ ባናው ላይ በሚሰፋው ምልክት ስንት በመቶው ሱፍ እንደሆነ፣ የት አገር እንደተሠራና ኃላፊነት የሚወስደው ነጋዴ ማን እንደሆነ እንዲጻፍ ያስገድዳል። የሸማኔውንና የፈታይዋን ስም የሚጠይቅ ግን የለም። እኔ እነሱ ከፈቀዱ ስማቸውንና ቀበሌያቸውን እጽፋለሁ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖናል፤ ንቀቱ ግን ዋጋ ስንከራከር ዛሬም ብቅ ይላል። «ኧረ አገር ቤት እኮ በዚህ ብር አራት ይገዛል» የሚለኝ ብዙ ጊዜ ፈረንጁ አይደለም፤ የገዛ ወገኔ ነው። እባካችሁ፣ የእናታችሁን እንዝርት አስታውሱና ተከራከሩ።

ያዋጣል ወይ ላላችሁኝ፣ አዎ፣ ያዋጣል፤ ግን በዝግታ ነው፤ ብቸኛ መተዳደሪያ አድርጋችሁ አትጀምሩት። የምትጀምሩ ካላችሁ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ ግማሹን ቀድማችሁ ላኩ። ለመጪው ኅዳር ባና የምትፈልጉም እስከ ጥር መጨረሻ ጻፉልኝ። ቀብዳችሁ ሳይቀነስ ለሸማኔውና ለፈታዮቹ ይሄዳል፤ የእኔን ድርሻ የምወስደው ባናው እጃችሁ ሲገባ ነው።